ልጅዎ በ199ኛ ተራ ቢጠራስ?
የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድኖች ተጫዋች እንዴት እንደሚፈልጉና እንደሚያሳድጉ፤ ወላጅም ከዚህ ምን እንደሚማር

ዓርብ ጠዋት ነበር። ኢየሩሳሌም ውስጥ በኢትዮጵያ ጎዳና፣ ከደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ግንብ ጥቂት ወረድ ብለን ስንሄድ አንዲት የምናውቃቸው እናት አስቆሙን። በአንድ እጃቸው ዘንቢል፣ በሌላው ስልካቸውን ይዘዋል። «እናንተ ጋዜጣ የምትጽፉ ልጆች፣ እስቲ ይህን አንብቡልኝና ልክፈል ወይስ ልተው ንገሩኝ» አሉን።

በስልካቸው የመጣው መልእክት በዕብራይስጥ የተጻፈ ነው። የ16 ዓመት ልጃቸው «ልዩ ተሰጥኦ» እንዳለው፣ በአሜሪካ ካሉ ኮሌጆችና ቡድኖች ጋር የሚያገናኝ የአራት ቀን የምርጫ ሥልጠና እንደተዘጋጀ፣ ቦታ እንዲያዝለትም እስከ እሑድ 3,800 ሼቄል መከፈል እንዳለበት ይናገራል። ልጁ ከሁለት ዓመት ወዲህ ጋን ሳኬር አጠገብ ባለው ሜዳ የአሜሪካ እግር ኳስ ይጫወታል። እናቱ በጽዳት ሥራ ነው የሚተዳደሩት። «ገንዘቡን ከየትም ብዬ አመጣዋለሁ፤ ግን ዕድሉን ዘግቼበት ኋላ ቢወቅሰኝስ?» ነበር ጭንቀታቸው።

ውድ አንባቢዎቻችን፣ ይህ ጭንቀት የእኚህ እናት ብቻ እንዳልሆነ እናውቃለን። በካዱሬገልም ሆነ በሩጫ፣ በቅርጫት ኳስም ሆነ በዚህ ለብዙዎቻችን አዲስ በሆነ ጨዋታ «ልጅህ ተስፋ አለው» የተባለ ወላጅ እጁ ወደ ኪሱ ይሄዳል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ገጻችን ወደ ምንጩ ሄደን እንጠይቅ፦ እውነተኞቹ ፕሮፌሽናል ቡድኖች ተጫዋች የሚፈልጉት እንዴት ነው? የሚያሳድጉትስ? ለዚህ ሁሉ የሚከፍለው ማን ነው? መልሱን ያወቀ ወላጅ እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርሰው ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል።

ጨዋታው ከኢየሩሳሌም ጋር ምን አገናኘው?

ከኢትዮጵያ ጎዳና ተነስቶ፣ የነቢያትን ጎዳናና ያፎን መንገድ ተሻግሮ፣ በማሃኔ ዬሁዳ ገበያ በኩል ወደ ጋን ሳኬር የሚወርድ ሰው በእግሩ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። እዚያ ክራፍት ስታዲየም የሚባል ሜዳ አለ። ስሙ የመጣው ከአሜሪካዊው ባለሀብት ከሮበርት ክራፍት ቤተሰብ ነው። ክራፍት ከ1994 ጀምሮ የኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ቡድን ባለቤት ናቸው። በ2017 ደግሞ በኢየሩሳሌም መግቢያ፣ በኤሜቅ ሃአራዚም፣ በቤተሰባቸው ስም የሚጠራ ሰፊ የስፖርት ካምፓስ ተከፍቷል።

ጨዋታው እኛ ካደግንበት እግር ኳስ ጋር በስም እንጂ በአጨዋወት አይገናኝም። ኳሱ ሞላላ ነው፤ በእጅ ይያዛል፣ ይወረወራል፤ ኳስ የያዘውን ተጫዋች ተቃራኒው ቡድን ጎትቶ መሬት ይጥለዋል። መጣል የሌለበት ቀለል ያለ ዓይነትም አለ፤ ፍላግ ፉትቦል ይባላል። ተጫዋቾቹ ወገባቸው ላይ ጨርቅ ያንጠለጥላሉ፤ ጨርቁ ከተነጠቀ እንደወደቁ ይቆጠራል። የፍላግ ፉትቦል የዓለም ሻምፒዮና በታኅሣሥ 2021 እዚሁ ኢየሩሳሌም ተካሂዷል። በ2028 የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክም ለወንዶችና ለሴቶች ይካሄዳል።

ወላጅ ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። እዚህ አገር የአሜሪካ እግር ኳስ እንጀራ የሚበላበት ሥራ አይደለም። ተጫዋቾቹ አማተር ናቸው፤ ቀን ይማራሉ ወይም ይሠራሉ፣ ማታ ይለማመዳሉ። ደመወዝ የሚከፈልበት ጨዋታ ባሕር ማዶ፣ አሜሪካ ነው።

መረቡ ሰፊ፣ ቀዳዳው ጠባብ

በአውሮፓም ሆነ በእስራኤል የእግር ኳስ ክለቦች ልጆችን ከስምንትና ከዘጠኝ ዓመታቸው ጀምሮ በራሳቸው የወጣት ቡድን ያሳድጋሉ። የአሜሪካ እግር ኳስ እንዲህ አይደለም። የፕሮፌሽናሉ ሊግ፣ ኤንኤፍኤል፣ 32 ቡድኖች አሉት፤ አንዳቸውም ግን ልጅ ከሕፃንነቱ ተቀብለው የሚያሳድጉበት ቤት የላቸውም። ልጁን የሚያሳድገው ትምህርት ቤት ነው። መጀመሪያ ሁለተኛ ደረጃ፣ ቀጥሎ ኮሌጅ። አንድ ወጣት ሁለተኛ ደረጃን ከጨረሰ ቢያንስ ሦስት ዓመት ሳያልፍ ኤንኤፍኤል አይቀበለውም። ስለዚህ ወደ ቡድኖቹ የሚወስደው ዋናው መንገድ በክፍል ውስጥ ያልፋል። በትምህርቱ የወደቀ ልጅ ጉልበቱ ምንም ያህል ቢሆን ኮሌጅ ደጃፍ ላይ ይቀራል።

ከኮሌጅ በኋላ ድራፍት የሚባለው ምርጫ ይመጣል። ሥርዓቱ ከ1936 ጀምሮ ያለ ነው። በየዓመቱ በሚያዝያ 32ቱ ቡድኖች በተራ ተጫዋች ይጠራሉ። ባለፈው ዓመት መጨረሻ የወጣው ቡድን ቀድሞ ይመርጣል፤ ዋንጫውን ያነሳው መጨረሻ ይደርሰዋል። ደካማው ተጠናክሮ ውድድሩ እንዲመጣጠን ነው። ሰባት ዙር አለው፤ በሰባቱም ዙር የሚጠሩት 260 ያህል ወጣቶች ብቻ ናቸው። በሁለተኛ ደረጃ የሚጫወቱት አሜሪካውያን ልጆች ግን ወደ አንድ ሚሊዮን ይጠጋሉ።

ታዲያ 260ውን እንዴት ይለያሉ? እያንዳንዱ ቡድን ሥራቸው ይህ ብቻ የሆነ ተመልካቾች አሉት። በእንግሊዝኛው ስካውት ይባላሉ። ዓመቱን ሙሉ ከኮሌጅ ኮሌጅ ይዞራሉ፤ ጨዋታ ያያሉ፤ የተቀረጸ ፊልም እየመለሱ ይመረምራሉ። ልጁ ሲያሸንፍ ብቻ ሳይሆን ሲሸነፍ ምን እንደሚሆን፣ ኳስ በሌለበት በኩል ይሮጥ ወይስ ይቁም ያያሉ። ከአሠልጣኙ ሌላ የሕክምና ባለሙያውንና አስተማሪዎቹን ይጠይቃሉ፦ በሰዓቱ ይመጣል? ሲነገረው ይሰማል? ያዩትን ጽፈው ነጥብ ይሰጣሉ፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሄዶ ያጣራል።

ከዚያ ኮምባይን የሚባለው ፈተና አለ። ከ1987 ጀምሮ በኢንዲያናፖሊስ ከተማ በየዓመቱ ይካሄዳል። ከ300 በላይ ተጫዋቾች ይጠራሉ። 36 ሜትር ተኩል ያህል ርቀት በሙሉ ፍጥነት ይሮጣሉ፤ ወደ ላይና ወደ ፊት ይዘላሉ፤ 102 ኪሎ የሚመዝን ብረት ተጋድመው አቅማቸው እስኪያልቅ ይገፋሉ። ሐኪሞች ጉልበታቸውን፣ ትከሻቸውን፣ ልባቸውን ይመረምራሉ። ከዚያ ደግሞ ልክ እንደ ሥራ ቅጥር ቃለ መጠይቅ አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይሰመርበት። ኮምባይን የሚገባው በግብዣ ነው፤ በክፍያ አይገባበትም። ስካውቱን የሚቀጥረውም፣ የሚከፍለውም ቡድኑ ነው። እውነተኛው ፈላጊ ለመፈለግ ከልጁ ቤተሰብ ገንዘብ አይጠይቅም።

ባለሙያዎቹም ይሳሳታሉ

ይህ ሁሉ ተመልካች፣ ይህ ሁሉ ሐኪምና መለኪያ ተሰልፎም ስህተት አይጠፋም። በ2000 ድራፍት ቶም ብሬዲ የሚባል ወጣት ኮምባይን ላይ ሲሮጥ ከዘገዩት አንዱ ነበር። 198 ወጣቶች ከእሱ በፊት ተጠሩ። በእሱ ቦታ የሚጫወቱ ስድስት ሌሎች ቀደሙት። በስድስተኛው ዙር፣ በ199ኛ ተራ የወሰደው ቡድን የኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ነው፤ ማለትም ባለቤቱ ለኢየሩሳሌም ሜዳ የሠሩት ያው ቡድን። ብሬዲ የመጀመሪያውን ዓመት ሜዳ ገባ ለማለት አይቻልም። በሁለተኛው ዓመት ከፊቱ ያለው ተጫዋች ተጎዳና ገባ፤ ዕድሉንም አልለቀቀም። ጫማውን ሲሰቅል የሰባት ሱፐር ቦውል ባለቤት ነበር፤ ስድስቱ ከፓትሪየትስ ጋር፣ ሰባተኛው ከታምፓ ቤይ ጋር።

ከርት ዋርነር ደግሞ ጭራሹን ማንም አልጠራውም። በ1994 አንድ ቡድን ለሙከራ ወስዶ አሰናበተው። በአይዋ ግዛት በሱፐርማርኬት ሌሊት ሌሊት መደርደሪያ እየሞላ ኖረ። ከዚያ በትናንሽ ሊጎች፣ ቀጥሎም አውሮፓ ውስጥ በአምስተርዳም ተጫወተ። በ1999 የውድድር ዘመን የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ፤ ቡድኑም ሱፐር ቦውልን አነሳ።

እነዚህን ታሪኮች የምናነሳው «የእርስዎም ልጅ እንዲሁ ይሆናል» ለማለት አይደለም። እንዲህ ያሉ ሰዎች ከብዙ ሺህ አንድ ናቸው። የምንለው ሌላ ነው፦ ሚሊዮን ዶላር የሚያወጡት፣ ዓመቱን ሙሉ የሚያጠኑት ባለሙያዎች እንኳ አንድን የ22 ዓመት ወጣት አይተው እርግጠኛ መሆን ካልቻሉ፣ የእርስዎን የ16 ዓመት ልጅ ሁለት ጊዜ ያየ ሰው «እርግጠኛ ነኝ» ሲልዎ በምን አውቆ ነው?

ማሳደግ ማለት ማቆየት ነው

አበው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላሉ። የቡድኖቹም አሠራር ይኸው ነው። በበጋ ልምምድ አንድ ቡድን እስከ 90 ተጫዋች ይይዛል። በነሐሴ መጨረሻ 53ቱን አስቀርቶ ሌሎቹን ያሰናብታል። ከተሰናበቱት ጥቂቶቹ የልምምድ ጓድ በሚባለው ውስጥ ይቆያሉ። ጨዋታ ባይገቡም ከቡድኑ ጋር ይለማመዳሉ፣ ደመወዝም ያገኛሉ። ለየቦታው የተለየ አሠልጣኝ አለ፤ የጉልበት አሠልጣኝ፣ የምግብ ባለሙያ፣ ፊዚዮቴራፒስት አለ። ከቀኑ ብዙው ሰዓት የሚያልፈው በሩጫ ሳይሆን ወንበር ላይ ተቀምጦ ፊልም በማየትና መጽሐፍ የሚያህል የጨዋታ ዕቅድ በማጥናት ነው።

ሊጉ ከ2017 ጀምሮ ከአሜሪካ ውጭ ላሉ ስፖርተኞች የተለየ መግቢያ ከፍቷል። በ2022 ደግሞ በጋና የመጀመሪያውን የአፍሪካ የምልመላ ካምፕ አካሂዷል። በዚህ መንገድ ካለፉት ስሙ የገነነው አውስትራሊያዊው ጆርዳን ማይላታ ነው። ራግቢ ተጫዋች ነበር፤ የአሜሪካ እግር ኳስ ጨዋታ አንድም ቀን ሳይጫወት በ2018 በ233ኛ ተራ የፊላደልፊያ ቡድን ወሰደው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጨዋታ ሳይገባ ተማረ። በ2020 ገባ፤ በየካቲት 2025 ከቡድኑ ጋር ሱፐር ቦውልን አነሳ። ያሳደገው የአራት ቀን ሥልጠና ሳይሆን የዓመታት ትዕግሥት ነው፤ የዓመታቱንም ወጪ የቻለው ቡድኑ ነው።

ከገቡም በኋላ ዕድሜው አጭር ነው። የተጫዋቾቹ ማኅበር እንደሚለው አንድ ተጫዋች በአማካይ በሊጉ የሚቆየው ሦስት ዓመት ከጥቂት ወር ነው። ውላቸውም ብዙውን ጊዜ እስከ መጨረሻው ዋስትና የለውም፤ የተጎዳ ወይም የደከመ ይሰናበታል። የጭንቅላት ጉዳትም አለ። ሊጉ በዚህ የተነሳ ከቀድሞ ተጫዋቾች ጋር ያደረገውና ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር የተገመተው የካሳ ስምምነት በ2015 በፍርድ ቤት ጸድቋል።

ከእኛው ቤት

ሩቅ ሳንሄድ የእኛዎቹንም እንይ። ኢትዮጵያ ተወልዶ እዚህ ያደገው ማሩ ተፈሪ በ2022 በሙኒክ የአውሮፓ ሻምፒዮና በማራቶን ብር አገኘ፤ ጋሻው አያሌ ነሐሱን ወሰደ፤ እስራኤልም በቡድን ወርቁን አገኘች። በ2023 በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና ማሩ እንደገና ብር አመጣ። በእግር ኳስ ኤሊ ዳሳ በቤታር ኢየሩሳሌም ተጫውቶ፣ በማካቢ ቴል አቪቭ አልፎ፣ ወደ ሆላንድ ተሻገረ፤ የብሔራዊ ቡድኑም አምበል ሆነ። የእነዚህም መንገድ በክለብ ውስጥ፣ በአሠልጣኝ እጅ፣ ዓመት በዓመት ላይ የተሠራ ነው።

ከመክፈልዎ በፊት

አሁን ወደ ኪስዎ እንመለስ። «ልጅዎ ተመርጧል» የሚል ሰው ሲመጣ እነዚህን ይያዙ፦

• ማን ነው የሚከፍለው? ለልምምድ ቦታ፣ ለሑግ ወይም ለማትናስ መክፈል ያለ ነገር ነው፤ የሚገዙት ሥልጠና ነውና። «ለመመረጥ» መክፈል ግን ሌላ ነው። ሁለቱን ይለዩ።

• በጽሑፍ ይጠይቁ። የትኛው ኮሌጅ? የትኛው ቡድን? ማን ይመጣል? መልሱ «ብዙ ሰዎች ይመጣሉ» ከሆነ መልስ አላገኙም። ኮሌጁን ወይም ቡድኑን ራስዎ ጽፈው ማጣራት ይችላሉ።

• «እስከ እሑድ» ለሚል አይሩጡ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ቡድኖች አንድን ወጣት ለዓመታት ይከታተላሉ፤ እውነተኛ ዕድል ሁለት ቀን ስላሰቡበት አይጠፋም።

• ልጅዎ 18 ዓመት ካልሞላው ብቻውን አይፈርም። እንዲህ ያለ ውል የወላጅ ስምምነት ያስፈልገዋል። ዕብራይስጡ ከከበደዎ የሚያነብልዎ ሰው ሳያገኙ ፊርማዎን አያስቀምጡ።

• በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተዋዋሉትን የመሰረዝ መብት አለዎት። የሸማቾች ጥበቃ ሕግ 14 ቀን ይሰጣል። ያለ ምክንያት ቢሰርዙም የሚቆረጥብዎ ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሼቄል ነው፤ ከሁለቱ ያነሰው። በ3,800 ሼቄል ላይ ቢሆን 100 ሼቄል ማለት ነው። ከመጡ አምስት ዓመት ያልሞላቸው ኦሊም፣ 65 ዓመት የሞላቸውና የአካል ጉዳት ያለባቸው ሰዎች፣ ግዢው በንግግር የተደረገ ከሆነ፣ እስከ አራት ወር ሊሰርዙ ይችላሉ። የአገልግሎቱ ቀን ሲቃረብ መብቱ ስለሚጠብ ግን አይዘግዩ።

• የአሠልጣኙን ወረቀት ይጠይቁ። የ1988ቱ የስፖርት ሕግ አሠልጣኝ የምስክር ወረቀት እንዲኖረው፣ በማኅበር ውድድር የሚሳተፍ ስፖርተኛም ኢንሹራንስ እንዲገባለት ያዛል። ከልጆች ጋር የሚሠራ ወንድ ደግሞ በወሲብ ወንጀል ያልተቀጣ መሆኑን የሚያሳይ የፖሊስ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። መጠየቅ ነውር አይደለም።

• ባግሩቱን አይልቀቁ። ኤንሲኤኤ የሚባለው የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር በከፍተኛው ምድብ ለሚጫወት ተማሪ 16 ዋና ዋና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቶችን እንዲጨርስ ይጠይቃል። የዘጠነኛ ክፍል ውጤት ሳይቀር ይቆጠራል።

• ሠራዊቱን ያስቡ። ሠራዊቱ «ስፖርታይ ሚትስታየን» እና «ስፖርታይ ፓዒል» የሚባሉ ደረጃዎች አሉት፤ ያገኘ ወጣት እያገለገለ መለማመድ ይችላል። ከመመልመሉ በፊት ክለቡን ይጠይቁ።

• ጭንቅላቱ ከተመታ ያስቁሙት። ራስ ምታት፣ ማስታወክ፣ መደናገር ካዩ በዚያ ቀን ወደ ሜዳ አይመለስ፤ ሐኪም ይየው። ለታናናሾቹ ፍላግ ፉትቦል የተሻለ መጀመሪያ ነው።

እንጀራው ሜዳ ላይ ብቻ አይደለም

አንድ ቡድን 53 ተጫዋች ለማሰለፍ ከተጫዋቾቹ ሌላ ብዙ ሠራተኛ ይቀጥራል፤ አሠልጣኝ፣ ፊዚዮቴራፒስት፣ ፊልም የሚመረምር፣ ቁጥር የሚተነትን፣ ሜዳ የሚንከባከብ፣ የሚዳኝ። እነዚህ ሥራዎች እዚህ አገርም አሉ፤ ጉልበት ሲያልቅም አያልቁም። የአሠልጣኝነት ትምህርት የሚሰጥበት ዋናው ቦታ ናታኒያ አጠገብ ያለው ማኾን ዊንጌት ነው። ስሙ ለአዲስ አበባ ልጆች እንግዳ አይደለም። በ1941 ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በጎጃም በኩል የገባው፣ አዲስ አበባም ውስጥ ትምህርት ቤት የተሰየመለት ያው እንግሊዛዊው ዊንጌት ነው። ኳስ የሚወድ፣ ግን ሜዳ ላይ እንደማይዘልቅ የገባው ልጅ ካለዎት ይህን በር ያሳዩት።

እናቲቱስ?

ያን ዕለት ለእኚያ እናት «ይክፈሉ» ወይም «አይክፈሉ» አላልናቸውም። ሦስት ጥያቄ በዕብራይስጥ ጽፈንላቸው ላኩት፦ የሚመጡት ኮሌጆች ስም ማን ማን ነው? አሠልጣኙ የምስክር ወረቀት አለው? ብንሰርዝ ስንት ይመለሳል? እሑድ አለፈ፤ ሰኞ «ቦታው ሞልቷል» የሚል አጭር መልስ መጣ። ለሦስቱ ጥያቄዎች አንድም መልስ አልነበረውም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ስንገናኝ ገንዘቡ እንዳለ ነው። ከፊሉን ለልጁ የሒሳብ ማጠናከሪያ ትምህርት ከፍለውበታል። ልጁ አሁንም ማታ ማታ ጋን ሳኬር ይወርዳል። «አኩርፎኛል» አሉን፤ «ዕድሌን ዘጋሽብኝ ይለኛል። ሥራውን አላቆመም ግን። እንደሚሆንለት እንደማይሆንለት እኔ አላውቅ፤ እሱም አያውቅ። አሠልጣኙ ግን በሰዓቱ የሚመጣው እሱ ነው አለኝ።»

ስካውቶቹም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።